ገጠመኝ እና ተሞክሮ፦ የተራራ ጉዞ ማስታወቂያ አማርኛ ሲተች

«ገጠመኝ» የሚለው ቃል ስም ከመሆኑ በፊት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነበር። «ገጠመ» ግሥ ነው፤ ባለቤቱ በግሡ ውስጥ የተሸሸገው ሦስተኛ መደብ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «-ኝ» ደግሞ ነገሩ የደረሰበትን ሰው፣ ማለትም ተናጋሪውን፣ ያመለክታል። ዛሬ ይህ ዐረፍተ ነገር ረግቶ ስም ሆኗል። «ገጠመኞች» ብለን እናበዛዋለን፤ «ገጠመኙን አጫወተን» ስንል የእሙንነትና የተሳቢ ምልክት እንጨምርበታለን፤ «የእሷ ገጠመኝ» ስንል ደግሞ ባለቤቲቱ ሦስተኛ መደብ ሆና ሳለች በቃሉ ውስጥ አንደኛ መደብ እንደ ቀረ ማንም ልብ አይለውም። የ«ተሞክሮ» አወላለድም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። እርሱም «ሞከረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ቦዝ አንቀጽ ነበር፤ «ተፈትኖ» እንደ ማለት ነው፤ ረግቶ ስም ሆነ።

ሁለቱ ቃላት ግን አንድን ጉዳይ ከተቃራኒ አቅጣጫ ያዩታል። በ«ገጠመኝ» ውስጥ ነገሩ መጥቶ ሰውን ያገኘዋል። በ«ተሞክሮ» ውስጥ ነገሩ ተፈትኗል፣ ውጤቱ ተመዝኗል፣ ለሌላ ጊዜ እንዲያገለግል ተቀምጧል። መሥሪያ ቤቶቻችን «ምርጥ ተሞክሮ» የሚቀምሩት፣ ልዑካኖቻችንም «ለተሞክሮ ልውውጥ» የሚመላለሱት በዚህ ምክንያት ነው። ባለፉት ዓመታት የአገር ውስጥና የውጭ ተጓዡን ወደ ተራራ፣ ወደ ሸለቆና ወደ በረሃ ለመጥራት የሚጻፈው አማርኛ ከሁለቱ የመረጠው የስብሰባ አዳራሹን ቃል ነው። ስለዚህ ተጓዡ ስሜን ተራራ ላይ «ልዩ ተሞክሮ» እንዲቀስም ይጋበዛል፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሊጎበኝ የተላከ ይመስል።

የጉዞ ጠባይ መለወጡ የታወቀ ነው። ጆሴፍ ፓይን እና ጄምስ ጊልሞር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በማግስቱም ዓመት በመጽሐፍ ባሰፉት ሐሳብ፣ ገበያው ከዕቃና ከአገልግሎት አልፎ ሰው የሚኖረውን ቅጽበት ራሱን ወደ መሸጥ እንደሚሄድ ተከራክረው ነበር። በጉዞው ዘርፍ ይህ ሐሳብ ሥጋ ለብሷል። ሐውልት አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ለብዙዎች አልበቃ ብሏል፤ መሄድ፣ መውጣት፣ መቅዘፍ፣ ከድንኳን ማደር፣ ከገበሬ ቤት እንጀራ መቁረስ ተፈላጊ ሆኗል። ኢትዮጵያ ውስጥም ተጓዡ ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን፣ ወደ ወንጪ ሐይቅ በእግራቸው ይወጣሉ። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለነዚህ ቦታዎች በአማርኛ የሚጻፈው ከዚህ በፊት ከነበረው እጅግ በዝቷል፤ ቋንቋውን የሚመረምር ግን አላገኘም። እኔም በእንግድነት በቆየሁባቸው ወራት በመንገድ ዳር ሰሌዳ፣ በበራሪ ወረቀትና በእጅ ስልክ የደረሱኝን ጽሑፎች ሰብስቤ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ የሚከተለውን ሂስ ለመጻፍ ተነሣሁ። ድርጅቶቹን በስም አልጠራም፤ ጉድለቱ የአንዱ ወይም የሌላው ሳይሆን የዘውጉ ነውና።

ለትችቱ እንዲመች ከብዙዎቹ የጋራ ጠባይ ያውጣጣሁት፣ ቃል በቃል የማንም ያልሆነ ናሙና ይኸውና፦ «በአስደናቂው የተራራ ሰንሰለት ውስጥ ልዩ የጀብዱ ተሞክሮን ይለማመዱ፤ ያልተነካ ተፈጥሮን ያጣጥሙ፤ ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር የማይረሱ ትዝታዎችን ይፍጠሩ።» ሰዋስው አልተጣሰም። ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው፤ አንድም የውሰት ቃል የለበትም። ለዚህም ነው የቃላት ንጽሕና ጠባቂዎች አይተው የሚያልፉት። ሆኖም ተራራ ወጥቶ የተመለሰ አንድም የአማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ብሎ አያወራም፤ የማያወራበትም ምክንያት የትምህርት ደረጃው አይደለም።

ግሦቹን እንመልከት። «ይለማመዱ»፣ «ያጣጥሙ»፣ «ይፍጠሩ»፦ የሦስቱም ባለቤት ክቡር ተጓዡ ነው። አድራጊው እርሱ፣ ተራራው ተደራጊ። «መለማመድ» በአማርኛ ገና ያልቻሉትን ነገር ደጋግሞ መሥራት ነው፤ መኪና መንዳት ይለማመዷል፣ ተራራ ግን እንዴት እንደሚለማመዱት አይገባኝም። «ትዝታ መፍጠር» ከዚህም ይብሳል። ትዝታ በአማርኛ የሚፈጠር ነገር አይደለም። «ትዝ አለኝ» እንላለን፤ ሳንጠራው ይመጣል፣ ስንፈልገው ይቀራል። ባለ ሙዚቃውም ባለ ቅኔውም ትዝታን ሲያነሣ የሚያማርረው ትዝታ አልታዘዝ ስለሚለው ነው። ማስታወቂያው ይህን ሁሉ ገልብጦ ትዝታን የእጅ ሥራ አደረገው።

የአማርኛ ሰዋስው በዚህ ረገድ ምን እንደሚያደርግ ለዚህ መድረክ አንባቢዎች ማስረዳት አያሻም፤ መንግሥቱ አምበርብር በአማርኛ የግሥ ክፍሎችና በተሻጋሪነት ላይ ከጻፈ ወዲህ ጉዳዩ በሚገባ ተዳስሷል። ለትችቴ የሚያስፈልገኝን ብቻ ላንሣ። «በረደኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «ከበደኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ደስ አለኝ» በሚሉት ሁሉ ስሜቱ የሚሰማው ሰው የግሡ ባለቤት አይደለም፤ በተሳቢ ቅጥያ የሚታይ፣ ነገሩ የሚያርፍበት ነው። «ደስ አለኝ» ባለው ሰው አፍ ውስጥ ደስታ ራሱ አድራጊ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። በዚህ ላይ «ለ» እና «በ» ይጨመራሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ «መሸ» ብሎ ማቆም ይቻላል፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ግን «መሸብን» ይላል። ዝናቡ «ዘነበብን» ነው፤ ሰማዩ ሲገለጥ «ጠራልን»፤ ሌሊቱ ሲያልፍ «ነጋልን»። የመሸው ለሁሉም ነው፤ «-ብን» ግን ምሽቱን የእኛ ጉዳት፣ «-ልን» ደግሞ ንጋቱን የእኛ ጥቅም ያደርገዋል። አንድ ባለ በቅሎ ከደባርቅ ተነሥቶ ሁለት ቀን ተጉዞ ሲመለስ ሊለው የሚችለውን ላስመስል፦ «ሽቅብ ስንወጣ ደከመን፤ አፋፉ ላይ ስንደርስ ጭጋግ ሸፈነን፤ ከዚያም መሸብን፤ ሲነጋልን ዋልያ አየን።» «ወጣን»፣ «ደረስን» እና «አየን» የእነርሱ ሥራዎች ናቸው። ድካሙ፣ ጭጋጉ፣ ምሽቱና ንጋቱ ግን በእነርሱ ላይ ወይም ለእነርሱ የሆኑ ናቸው። ጉዞ ማለት ደግሞ ይኸው ነው፤ ከሚያደርጉትና ከሚደርስ የተሸመነ።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። የአማርኛ ተናጋሪ ዓለምን የሚያየው በተሳቢ ቅጥያ ቀዳዳ ነው፣ ስለዚህም ከተፈጥሮ ጋር የተለየ ትሕትና አለው ወደሚል ድምዳሜ መንሸራተት ቀላል ነው። እኔ ይህን አልልም። ዘወትር «በረደኝ» የሚል ሰው ደን መንጥሮ ከሰል ከማክሰል የሚመልሰው ቅጥያ የለም። የምለው ከዚህ ያነሰ ነው፦ ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ በተለየ የተመቸ መሣሪያ በእጃችን እያለ ጸሐፊዎቹ አኑረውት ከሌላ ቋንቋ በተገለበጠ የስም ክምር ይጽፋሉ፤ ከመሣሪያው ጋርም አንዳንድ ሰዎች ከዐረፍተ ነገሩ ይወድቃሉ። የሚወድቁትን ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

የመሬቱ ቃላት ከግሦቹ አይተናነሱም። «ተራራ»፣ «ጋራ»፣ «ኮረብታ» ማንም ባይሄድባቸውም ተራራ፣ ጋራና ኮረብታ ናቸው። «አቀበት» እና «ቁልቁለት» ግን ያለ መንገደኛ አይኖሩም። ለእኔ አቀበት የሆነው ከላይ ለሚመጣው ቁልቁለት ነው፤ ስንተላለፍ አንዱን መሬት በሁለት ስም እየጠራን «በርቱ» እንባባላለን። «ማዶ»ም እንዲሁ ነው፤ ተናጋሪው ከቆመበት ተነጥሎ ትርጉም የለውም፤ ሸለቆውን ስሻገር ማዶ የነበረው ወዲህ ይሆናል። «አፋፍ» የገደል ጫፍ ብቻ ሳይሆን ወደ ገደሉ የቀረበ ሰው የሚቆምበት ነው። የበራሪ ወረቀቶቹ ቃል ደግሞ «መልክዓ ምድር» ነው፤ «ማራኪ»፣ «አስደናቂ»፣ «ውብ» መልክዓ ምድር። ቃሉ ጥሩ ነው፤ የምድር መልክ ማለት ነውና። መልክ ግን ከርቀት የሚታይ ነው። ሰውን ከመኪና አውርደው በእግሩ ሊያስኬዱት የፈለጉ ጽሑፎች የመረጡት ከመኪና መስኮት የሚታየውን ቃል ነው። እዚህ ላይ «አስጎብኚ» እና «ጎብኚ» የሚሉትም ቃላት ዕዳ አለባቸው። ባለ ሥልጣን ፕሮጀክት ይጎበኛል፤ ጎብኚ ቆሞ ያያል፣ ይገለጽለታል፣ ይሄዳል። ለሐውልቱ ዘመን በቂ ነበር። አምስት ቀን ለሚሄድ ሰው «ተጓዥ»፣ አብሮት ለሚሄደውም «መሪ» የሚሉት የተሻሉ ይመስሉኛል፤ «መሪ» በፖለቲካው ባይከብድብን ኖሮ።

የጊዜውን ግሦች ግን አንዳንድ ጽሑፎች አድነዋቸዋል፤ ይህን ማመስገን ተገቢ ነው። አማርኛ ማርፈድ፣ መዋል፣ ማምሸት፣ ማደር፣ መሰንበት፣ መባጀት፣ መክረም የሚል መሰላል አለው፤ እያንዳንዱ ግሥ አንድ የጊዜ ቁራሽ በቦታ ላይ ያሳልፋል። ሰላምታችን ሁሉ የተሠራው በዚሁ ነው። የወጣቶቹ የቅዳሜና እሑድ ግብዣ «የአዳር ጉዞ» እና «ደርሶ መልስ» ይላል። «ደርሶ መልስ» ድንቅ ቃል ነው፤ ቦዝ አንቀጽና ስም ተያይዘው መሄጃውን፣ መድረሻውንና መመለሻውን በሁለት ቃል ይዘውታል፤ ማንም ተርጓሚ አልፈለሰፈውም። በአንጻሩ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠው ጽሑፍ «የሁለት ሌሊትና የሦስት ቀን ጥቅል» ይሸጣል። ሌሊቱ ተቆጥሯል፤ ያደረ ሰው ግን የለም።

የወጣቶቹ ግብዣ ለምን ይሻላል? መልሱ ያለው በዘውጉ ሐረግ ይመስለኛል። በአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ላይ የሚለጠፈውን የመንፈሳዊ ጉዞ ማስታወቂያ ያስታውሷል፦ ወደ ግሸን ማርያም ለመስከረም 21፣ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ለታኅሣሥ 19፣ ወደ ዝቋላ ለመጋቢት 5። መነሻ ቦታና ሰዓት፣ የደርሶ መልስ ዋጋ፣ ተጓዡ መያዝ ያለበት ነገር፣ የአስተባባሪዎች ስልክ። የተራራ ጉዞ ግብዣው አወቃቀር ይኸው ነው፤ ቅዱሱ ወጥቶ ሐይቁ ወይም ጫካው ገባበት። አብሮ የተወረሰው ግን ከአወቃቀር ይበልጣል። የመንፈሳዊ ጉዞ ቋንቋ ሰው በፈቃዱ የሚቀበለውን ድካም እንዴት መሰየም እንዳለበት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቃል። የግሸንን አምባ ሽቅብ የወጣ ሰው «ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ» ይባላል። ድካሙ አልተካደም፣ አልተሸፈነም፤ በ«ለ» ተገልብጦ ጥቅም ሆነ እንጂ። ሌላው ውርስ መደቡ ነው። በራሪ ወረቀቱ «ይምጡ፣ ይጎብኙ፣ ይዝናኑ» ሲል ጋባዡ ቤቱ ተቀምጦ ያዝዛል፤ የወጣቶቹ ግብዣ «እንውጣ፣ አብረን እንሂድ» ሲል ጋባዡም ይደክመዋል።

እነዚሁ ወጣቶች «ሃይኪንግ» ማለታቸው ይወቀሳል። እኔ አልወቅሳቸውም። «የእግር ጉዞ» የሚለው ሐረግ አስቀድሞ ሥራ ይዟል፤ ለበጎ አድራጎት ገቢ ማሰባሰቢያ ወይም ለአንድ በዓል መታሰቢያ በአደባባይ የሚደረገውን ሰልፍ መሳይ ጉዞ ይጠራል። ወጣቶቹ ሁለቱን መለየት ስለፈለጉ ቃል ተዋሱ፤ «ሃይክ አደረግን» ብለውም በአማርኛ ረዳት ግሥ አሰሩት። የውሰት ቃል መጤነቱን በግንባሩ ጽፎ ይመጣል፣ ሰዋስዉን አይነካም። «ተሞክሮን ይለማመዱ» ግን የአማርኛ ልብስ ለብሶ የሌላ ቋንቋ አጥንት ይዞ ይገባል። ከሁለቱ የሚያሠጋኝ ሁለተኛው ነው።

«ጀብዱ» የሚለው ቃል ጉዳይ የከበደ ነው። ጀብዱ የጦር ሜዳና የአደን ቃል ነበር፤ የሚፈጽመው ጀግና ነው፣ የሚቀበለው ዝና ነው፣ የሚከፈለው ደም ሊሆን ይችላል። በአብዮቱ ዘመን የፖለቲካ ጽሑፎች «ጀብደኝነት» የሚል ስድብ አወጡለት፤ ያለ ስሌት ሌላውን ወደ እሳት የሚመራ ሰው በሽታ ሆነ። አሁን ደግሞ በሽቦ ተንጠልጥሎ ሸለቆ መሻገር ጀብዱ ተብሏል። ቃላት ይቀልላሉ፤ ይህ በሁሉም ቋንቋ ያለ ነው፤ በሰላም ዘመን ቢሆን ኖሮ ነገሩን በፈገግታ ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራና አፋር ክልሎች የተስፋፋው ጦርነት፣ ከ2023 ጀምሮም በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት፣ ቃሉን ወደ ጥንት ሥራው መልሶታል። ስለ ውጊያ በሚጻፈው አማርኛ ጀብዱ ይፈጸማል። የገርዓልታን ዓለት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት፣ የላሊበላን ዙሪያና የስሜንን ተራሮች የሚያስጎበኙ ሰዎች እንግዳ አጥተው ቀሩ። በዚያው አካባቢ፣ በዚያው ቃል፣ አንዱ ሰው ልጁ የሞተበትን ሲሰማ ሌላው የሚዝናናበትን ያነባል። ቃሉን የሚመርጥ ጸሐፊ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

እርግጥ የሚያስቸግር ነገር አለ። አማርኛ መንገደኛን ሲሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ይላል። ምርቃቱ አቀበቱ እንዲለሰልስ ነው። አዲሱ የጉዞ ዓይነት የሚሸጠው ደግሞ ሸካራውን መንገድ ነው፤ ጨርቅ ከሆነማ ደንበኛው ገንዘቡን ሊጠይቅ ነው። ለዚህ በልክ የተሰፋ የአማርኛ ቃል የለም ማለት ይቻል ይሆናል። ቢሆንም ከ«ጀብዱ» ይልቅ «አስቸጋሪ መንገድ»፣ «አቀበት የበዛበት»፣ «ጉልበት የሚጠይቅ» ብሎ በግልጽ መናገር አለ። ለሚሄደው ሰው ደግሞ ይህ ይጠቅመዋል፤ ምን ጫማ እንደሚያደርግ ያውቃል።

ስለ ቦታ ስሞች በአጭሩ። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚነሣው የአገሪቱ ከፍተኛ ጫፍ በአማርኛ «ራስ ደጀን» ነው፤ «ደጀን» ትርጉሙ ለማንም የሚገባ ቃል ነው። የውጭ ካርታና መጻሕፍት «ዳሸን» አደረጉት፤ ባንክና ቢራም በዚሁ ተሰየሙ፤ አሁን የአማርኛ በራሪ ወረቀት «ራስ ዳሸን» ሲል ስሙን ከባዕድ መልሶ እየተዋሰ ነው። በባሌ «የቱሉ ዲምቱ ተራራ» ይባላል፤ በኦሮምኛ «ቱሉ» ተራራ፣ «ዲምቱ» ቀይ ስለሆነ ጸሐፊው ተራራን ሁለት ጊዜ ከምሯል። «የኤርታ አሌ ተራራ» በአፋርኛው በኩል ያው ነው። «ሳፋሪ»ን ደግሞ ከጎረቤታችን ከስዋሂሊ ሳይሆን በእንግሊዝኛ በኩል ተቀብለነዋል፤ በስዋሂሊ ማንኛውም ጉዞ ሳፋሪ ሲሆን ወደ እኛ የደረሰው አውሬ ፍለጋ በመኪና መዞር ሆኖ ነው። የአካባቢ ቋንቋዎች ባለሙያዎች በአንድ ቀን ተቀምጠው ሊያርሟቸው የሚችሉ ናቸው፤ ስለዚህ አልቆይባቸውም።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመደበኛ ጽሑፍ ቋንቋ በየትም አገር በስም የተጫነ ነው፤ አማርኛስ ከሌሎች በምን ይለያል? ትክክል ነው። ነገር ግን አማርኛ የራሱ የስም ማውጫ መንገዶች አሉት፤ ለእግር ጉዞ ደግሞ በልኩ የተቆረጡ ናቸው። ባዬ ይማም በ«የአማርኛ ሰዋስው» ከዘረዘራቸው የስም ምስረታ ዓይነቶች ሁለቱን ብንወስድ እንኳ ይበቃል። አንዱ የአኳኋን ስም ነው፦ አካሄድ፣ አረማመድ፣ አወጣጥ፣ አወራረድ፣ አተነፋፈስ። የመሪዎች ማሠልጠኛ «የአቀበት አወጣጥና የቁልቁለት አወራረድ» የሚል ምዕራፍ ቢኖረው ከ«የሃይኪንግ ቴክኒክ» ምን ይጎድለዋል? ሁለተኛው የቦታና የመሣሪያ ስም ነው፦ መውጫ፣ መውረጃ፣ ማረፊያ፣ ማደሪያ፣ መሻገሪያ። በመንገድ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ከእነዚህ ያጠረና የጠራ አይገኝም። በስሜን ያለው የአንዱ ማደሪያ ስም «ሳንቃ በር» መሆኑ ራሱ አገሬው መሬቱን እንዴት ይሰይም እንደነበር ያሳያል።

ደግሞም ተርጓሚ ሁሉ ተገልባጭ አልነበረም። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የኢትዮጵያን ቱሪዝም ባቋቋሙበት ዘመን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ የሚለው የእንግሊዝኛ መፈክር በአማርኛ «የ13 ወር ጸጋ» ሆነ። ፀሐይ ለአውሮፓዊ ብርቅ ናት፤ ለኛ አገር ገበሬ ግን የማያቋርጥ ፀሐይ ድርቅ ነው። ያን ቃል ያስገባ ሰው ይህን አሰበም አላሰበም «ጸጋ» የሚለው ምርጫ ከችግር አወጣው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ምድረ ቀደምት»ም ቢሆን ከእንግሊዝኛው ጎን ራሱን ችሎ የቆመ ነው። በተሞክሮና በጀብዱ ዘመን እንዲህ ያለ ድፍረት የጠፋው ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ጽሑፎቹ ስለበዙና ስለተቻኮሉ ይሆናል።

አሁን ከዐረፍተ ነገሩ ስለሚወድቁት ሰዎች። በናሙናችን ውስጥ «ያልተነካ ተፈጥሮ» የሚል ሐረግ አለ። «ያልተነካ» አሉታዊ፣ ተደራጊ፣ አድራጊውም የማይታወቅ ነው፤ ማን እንዳልነካው አይናገርም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ጋር ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ተነሥተው በደባርቅ ሰፍረዋል። የመነሣታቸው ነገር ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ በጎ ነበር፣ ለእነርሱስ ምን ነበር የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግጭ የደረሰ ተጓዥ ታርሶ በኖረ መሬት፣ ከብት በኖረበት ሣር፣ ሰው ባወጣው መንገድ ላይ ቆሞ «ያልተነካ» የሚል ወረቀት በእጁ መያዙ ነው። ሐረጉ ውሸት ከመሆኑም በላይ ሰዎቹን ለሁለተኛ ጊዜ ያስነሣቸዋል።

«የአካባቢው ማኅበረሰብ» የሚለውም እነርሱን አይመልስም፤ ማኅበረሰብ አይጭንም፣ አያበስልም፣ በጠብመንጃ አይጠብቅም። የሚጭነው ባለ በቅሎ፣ የምታበስለው ባለ ቤት፣ የሚጠብቀው ስካውት ነው። በመቄት አምባዎች ላይ ገበሬዎች ራሳቸው ጎጆ ሠርተው ተጓዥ የሚያሳድሩበት የማኅበረሰብ ቱሪዝም እንደተጀመረ ብዙዎች ያውቃሉ። እዚያ የሚሠራው ግሥ «አሳደረ» ነው፤ ባለቤቱ ተጓዡ ሳይሆን አሳዳሪው፣ ተጓዡም ተሳቢ። የሚያድረውም ሰው ስም አለው፤ ጥንት በር ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኝ ነው» ይል የነበረው፣ አማርኛ «የመሸበት እንግዳ» የሚለው። ዛሬ ገንዘብ ይከፍላል፤ ይክፈል፣ መክፈሉ ተገቢ ነው። የመሸበት መሆኑ ግን አልቀረም፤ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ለከፋዩም ይመሻል፣ ለከፋዩም ይበርዳል፣ በር የሚከፍትለት ሰውም ያስፈልገዋል።

«የመሸበት» በሚለው ውስጥ ያለው «-በት» ምሽቱ የጎዳውን ሰው ያመለክታል። ይኸው «-በት» በሌላ ግሥ ላይ ሲሆን ቦታን ያመለክታል፦ «ሰው የኖረበት»። ስለ ግጭ ለሚጻፈው ወረቀት «ያልተነካ» ከሚለው ይልቅ ይህ ሐረግ ይበቃዋል። ከ«ያልተነካ» አንድ ቃል ብቻ ይረዝማል፤ እርሱም «ሰው» ነው።